ያገለገለ ቴሌስኮፕ ገዛሁ፤ ኮከቦቹ ግን ትል መስለው ይወጣሉ

ለገጣፎ ዳር · ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 4:10

ሰላም እንዴት ናችሁ? እስካሁን ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ። ዛሬ ግን አንጀቴ አርሮ ነው የምጽፈው።

ከሁለት ወር በፊት ጓዛቸውን ሸጠው ወደ ውጭ ከሚሄዱ ቤተሰቦች ላይ ያገለገለ ቴሌስኮፕ ገዛሁ። መስታወቱ 114 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 900 ሚሊ ሜትር ነው። እግሮቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ሲነኩት እንደ ሸንበቆ ይወዛወዛል። ካሜራው የአጎቴ ልጅ ሠርግ ሲያነሳበት የኖረ ካኖን 1100ዲ ነው። መጀመሪያ ፎከስ አልገባ አለኝ። ከዕቃው ጋር የመጣውን 2 እጥፍ ባርሎ ሌንስ መሀል ሳስገባ ገባልኝ።

ትናንት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ተነስቼ የኦሪዮን ኔቡላን (ሰማይ ላይ ያለች የጋዝና የአቧራ ደመና ነች) አነሳሁ። 30 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት ልክ) 3200። የወጣው ነጣ ያለ ሰማይና ረጃጅም መስመር ነው። ሚስቴ አይታው «ዝናብ ነው እንዴ ያነሳኸው?» አለችኝ።

ጥያቄዬ፦ ይህን ሸጬ ትንሽ ጨምሬ ባለ 8 ኢንች ልግዛ? ወይስ ከለገጣፎ ሆኖ ይህ ነገር አይሞከርም?

---

ቁጥብ · ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 4:32

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ሳትጨርስ ተወው። ሃብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳውን በነጻ አውርደህ ግድግዳህ ላይ መስቀል ትችላለህ። ለምን ትበርዳለህ?

---

ጣሪያ ላይ ነኝ · ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 4:41

ቁጥብ፣ አንተስ ሠርግህ ላይ ፎቶ ለምን አስነሳህ? የሌላ ሰው ሠርግ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሞልቶልህ የለ?

---

ባለ ጣውላ · ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 5:25

እንኳን ደህና መጣህ ለገጣፎ። አትሽጠው። ሸጠህ ትልቅ ብትገዛ ትሉም አብሮ ይተልቃል።

ነገሩን በቁጥር ልንገርህ። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል። አንተ ባርሎ ስትጨምር 900 የነበረው የትኩረት ርዝመት 1800 ሆነ። በዚያ ርዝመት ላይ በ1100ዲ ካሜራ አንድ ኮከብ በየሰከንዱ 25 ፒክስል ያህል ይሸሻል። በ30 ሰከንድ ከ750 ፒክስል በላይ ማለት ነው። የፎቶህ ሙሉ ወርድ 4272 ፒክስል ነው። ከወርዱ አንድ ስድስተኛ በላይ የሆነ መስመር ቢወጣ ምን ይገርማል? ቴሌስኮፑ አላጠፋም። ኮከቡን የሚከተልበት ነገር አልሰጠኸውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ብርሃን ነው። 1800 ለ114 ሲካፈል ወደ ኤፍ 16 ይጠጋል። ይሄ ጠባብ ጭላንጭል ነው። ሠርግ ላይ የሚሠራበት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለ አይደል? እሱን ኤፍ 2.8 ላይ ብታደርገው እያንዳንዱ ፒክስል ላይ የሚያርፈው የኔቡላ ብርሃን ከ30 እጥፍ በላይ ይጨምራል። አዎ፣ ያ ርካሹ ሌንስ። እኔም መጀመሪያ ሲነገረኝ አላመንኩም ነበር።

ስለዚህ ቴሌስኮፑን ለጨረቃ አስቀምጠው። ለጨረቃ ግሩም ዕቃ ነው፤ ስልክህን የዓይን መመልከቻው ላይ ደግፈህ እንኳ ታነሳለህ። ለኔቡላና ለጋላክሲ ግን ከካሜራ፣ ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስና ከሁለት ጣውላ ጀምር።

ጣውላው እንዲህ ነው። ሁለት እኩል ጣውላ በአንድ በኩል በማጠፊያ ታያይዛለህ፤ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። ከማጠፊያው መሀል 228 ሚሊ ሜትር ተኩል ለክተህ የታችኛውን ትበሳና ዳዶ ትቀብርበታለህ። በዳዶው ውስጥ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን አሳልፍ። የዚህ ብሎን ጥርስ ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ነው። በደቂቃ አንድ ጊዜ ስታዞረው የላይኛው ጣውላ ልክ በሰማዩ ፍጥነት ይከፈታል። ካሜራው ላይኛው ላይ ይቀመጣል፤ ማጠፊያው ወደ ሰሜን ኮከብ ያነጣጥራል። በቃ። ሞተር የለ፣ ባትሪ የለ። ሰዓትህን እያየህ በእጅህ ታዞራለህ። ብሎኑ ቀጥ ያለ ስለሆነ እያደር ትንሽ ይሳሳታል። በየአሥር ደቂቃው መልሰህ ከዜሮ ጀምር።

የልኬቱን ነገር አደራ። አናጢው «ያው 23 ሴንቲ አይደል?» ብሎኝ ነበር። አይደለም።

---

ጡረተኛው · ኅዳር 4፣ ከጠዋቱ 1:15

ልጄ፣ ፎከስ ያልገባልህ ቴሌስኮፑ ተበላሽቶ አይደለም። እንዲህ ያሉት ለዓይን የተሠሩ ናቸው። የካሜራው ሴንሰር፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል፣ ከዓይን መመልከቻው ይልቅ ወደ ኋላ ስለሚርቅ ምስሉ ሳይደርስበት ይቀራል። መድኃኒቱ የኋላውን መስታወት በረዘመ ብሎን ወደ ፊት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማስጠጋት ነው። አሁን ግን አትንካው። መጀመሪያ ጣውላህን ሥራ።

አንድ ነገር ልለምንህ። መስታወቱ አቧራ ቢኖረውም በጨርቅ እንዳትወለውለው። ስስ የአሉሚኒየም ቅብ ነው፤ ይጫራል። ያገለገለ ሌንስ ስትገዛ ደግሞ የእጅ ባትሪ ከኋላ አብራበትና በፊት በኩል ተመልከት። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነውና አትግዛ። ክረምቱን ሁሉ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው። የሥራ ዕድሜዬን በሙሉ ያየሁት እሱን ነው።

---

ለገጣፎ ዳር · ኅዳር 5፣ ከምሽቱ 2:40

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ባለ ጣውላ፣ አንተም ተባረክ። ጣውላውን ለሰፈራችን አናጢ ሰጠሁት፤ «ለእርግብ ቤት ነው?» አለኝ።

ግን የሰሜን ኮከብ የታለ? በረንዳዬ ላይ ሆኜ ሰሜኑን ባስስ ምንም አላየሁም። ቪዲዮ ላይ ፈረንጆቹ ቀና ብለው ነው የሚያሳዩት።

---

ጣሪያ ላይ ነኝ · ኅዳር 5፣ ከምሽቱ 3:20

ፈረንጆቹ ቀና የሚሉት አገራቸው ወደ ሰሜን ርቆ ስለሆነ ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚነሳው በቆምክበት ቦታ ኬክሮስ ልክ ነው። ለንደን ላይ 51 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ 9 ዲግሪ ብቻ! እጅህን ዘርግተህ ቡጢ ጨብጥ። አድማሱ ላይ አስቀምጠው። ከቡጢው አናት በታች ነው። እዚያ ደግሞ ጭጋግ፣ ባሕር ዛፍና ኮረብታ አለ። እኔ ኮዬ ፈጬ ነኝ፤ ሰሜኔ ሙሉ ከተማው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ባየው ነው።

ባታየውም ግድ የለም። ማጠፊያውን በኮምፓስ ወደ ሰሜን አድርገው። የስልክህን ውሃ ልክ ጣውላው ላይ አስቀምጠህ 9 ዲግሪ ቀና አድርገው። ለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል። ኮምፓሱን ግን ከመኪናና ከብረት አጥር አርቀህ ለካ። እኔ ጣሪያ ላይ ካለው የውሃ ታንከር ብረት አጠገብ ለክቼ አንድ ሌሊት ሙሉ ወደ አያት ሰፈር ነበር የማነጣጥረው።

እግረ መንገዴን፣ ወደፊት ኢኳቶሪያል ማውንት፣ ማለትም ሰማዩን እየተከተለ የሚዞር የቴሌስኮፕ መቆሚያ፣ ለመግዛት ካሰብክ ይሄን ያዝ። ብዙዎቹ ወደ 9 ዲግሪ አይወርዱም። ያገለገለ የገዛሁት የእኔው 15 ላይ ቆመ። ክብደት ማመዛዘኛ ብረቱ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል የሰሜኑን እግር ይመታል። አንድ ሳምንት አለቀስኩ። መፍትሔው አንድ ጡብ ሆነ። ሁለቱን እግሮች ወደ ሰሜን፣ አንዱን ወደ ደቡብ አዞርኩ። ብረቱ በሁለቱ መሀል ያልፋል። ከደቡቡ እግር ሥር 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሲያደርጉት ሙሉው ማውንት 6 ዲግሪ ወደ ሰሜን ያጎነብሳል። 15 ሲቀነስ 6፣ 9።

---

ሱሉልታ ብርዱ · ኅዳር 6፣ ከሰዓት 9:05

ቦታ ስትመርጥ የምታነሳውን እያሰብክ ምረጥ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ ነው የተማርኩት። ከተማው በየትኛው አቅጣጫህ ነው? እዚያ ያለው ሰማይ ሞቷል በለው።

እኔ ሱሉልታ ነኝ። ከተማው በደቡቤ ነው። አንድሮሜዳ ጋላክሲ ወደ ሰሜን ስለሚያልፍ ደህና አድርጌ አነሳዋለሁ። ካሪና ኔቡላ ግን በደቡብ፣ ከፍ ባለበት ሰዓት እንኳ 21 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሞከርኩት፤ የአዲስ አበባ ጮራ ይውጠዋል። ለካሪና ከአቃቂ ወዲያ ወርዶ ደቡቡን ክፍት ማድረግ ነው። ለገጣፎ ዳር፣ ያንተ ከተማ በምዕራብ ነው። ወደ ሰንዳፋ ትንሽ ወጣ ካልክ ምሥራቁ ያንተ ነው። ኦሪዮን ደግሞ በምሥራቅ ወጥቶ በአናታችን ሊያልፍ ምንም አይቀረው። ፈረንጆቹ ይህን ቢያገኙ ይከፍሉበታል።

በነገራችን ላይ አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፌውስ ልጅ ነች። እናቷ ካሲዮፔያም አጠገቧ አለች። ሰማዩ ላይ ዘመድ አለን፤ በ2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት።

ማስጠንቀቂያ፦ ኅዳር 12 ማታ አትድከም። ኅዳር ሲታጠን ነው። ከተማው በሙሉ ጭስ ነው።

---

ባለ ጣውላ · ኅዳር 6፣ ከሰዓት 10:30

የብርሃን ማጣሪያ ግዛ የሚሉህ ይኖራሉ። የድሮው ብርቱካናማ የመንገድ መብራት ጊዜ ይሠራ ነበር። አሁን መንገዱ ሁሉ ነጭ ኤልኢዲ ሆኗል፤ ነጭ ብርሃን ሁሉንም ቀለም ስለያዘ ማጣሪያው ለይቶ አይይዘውም። ገንዘቡን ለታክሲ አድርገው።

ነጻ ማጣሪያ የምታገኘው መብራት ሲጠፋ ነው። ጎረቤት ሲያማርር እኔ ካሜራ አንጠልጥዬ ወደ ላይ ነኝ።

---

ለገጣፎ ዳር · ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 2:00

አልሰማም ብዬ ኅዳር 12 ወጣሁ። ጨረቃ የለችም፣ እንዴት ይለፈኝ ብዬ። ዓይኔ እስኪያለቅስ ታጠንኩ።

ትናንት ግን ጠራ። ከሰፈር ወጣ ብሎ ያለ ክፍት ሜዳ ላይ ጣውላዬን ዘረጋሁ። ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላኝ ከኋላ ባትሪ በራብኝ። የአካባቢው ጥበቃ ናቸው፤ ሁለት። «ምንድን ነው ያጠመድከው?» አሉኝ። ፍረዱኝ፤ በእኩለ ሌሊት ጋቢ የለበሰ ሰው፣ ጣውላ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ነገር፣ በየደቂቃው ብሎን የሚያዞር። እኔም ብሆን ደስ አይለኝም። እንደ ዕድል ሆኖ ቴሌስኮፑን ይዤ አልወጣሁም፤ ሞርታር ነው ብለው ነበር የሚይዙኝ። ካሜራው ላይ ሰባቱን ከዋክብት አሳየኋቸው። አንደኛው «እነዚህን እንኳ አውቃቸዋለሁ» ብሎ አጠገቤ ቁጭ አለ። ጅብም ነበር። ሩቅ ነው አሉኝ። ድምፁ ግን ሩቅ አይመስልም።

አሁን ወደ ሐዘኔ። 60 ሰከንድ እያደረግሁ 40 ፎቶ አነሳሁ። ኮከቦቹ አሁንም መስመር ናቸው። ይባስ ብሎ ጣውላውን ሳላዞር ከሞከርኩት እጥፍ ይረዝማሉ። 40 ፒክስል የነበረው ከ80 በላይ ሆነ! ልኬቱን ሦስቴ አረጋገጥኩ። 228.5 ነው።

---

ባለ ጣውላ · ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 2:18

እጥፍ? ልክ እጥፍ?

ወደ ሰሜን ዞረህ ስትቆም ማጠፊያው በየትኛው እጅህ በኩል ነበር?

---

ለገጣፎ ዳር · ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 2:21

በቀኝ።

---

ባለ ጣውላ · ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 2:24

😂 ሰማዩ ወዲህ ሲዞር አንተ ወዲያ እየዞርክ ነበር። ማጠፊያው በግራህ፣ በምዕራብ በኩል ይሁን። ብሎኑ በምሥራቅ ጣውላውን ወደ ላይ ይግፋ። አይዞህ፣ ጥሩ ዜና ነው። ልክ እጥፍ ከሆነ ፍጥነትህ ትክክል ነው ማለት ነው።

---

ጣሪያ ላይ ነኝ · ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 3:10

ስለ ጥበቃዎቹ፦ ቀን ሄደህ ሰላም በላቸው። ማታ በድንገት አታግኛቸው። የምታርፍበትን መሬት ባለቤትም ጠይቅ። ብቻህንም አትውጣ። እኔ ከወንድሜ ጋር ካልሆነ ከኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ አልወርድም፤ ለዚህ ነው ስሜም እንደዚህ የሆነው።

---

ለገጣፎ ዳር · ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 1:50

ማጠፊያውን አዞርኩ። ኮከቦቹ ነጥብ ሆኑ! ነጥብ!

ጨረቃ እያደገች ስለሆነ እስከ ታኅሣሥ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ብዙ ፎቶ አንድ ላይ አዋህዶ አንድ ስለማድረግ፣ መደራረብ ስለሚሉት ነገር ንገሩኝ። ለምን ብዙ ፎቶ? አንድ ጥሩ ፎቶ አይበቃም?

---

ጡረተኛው · ኅዳር 20፣ ከጠዋቱ 12:50

ልጄ፣ ገበያ መሀል ሆነህ አንድ ሰው በሹክሹክታ ሲነግርህ አስብ። አንዴ ቢነግርህ ጫጫታው ይውጠዋል። ያንኑ ቃል መቶ ጊዜ ቢደጋግምልህስ? ጫጫታው በየጊዜው ይለያያል፤ ቃሉ ግን ያው ነው። የኔቡላውም ብርሃን እንደዚያ ነው። ስትደራርበው ምልክቱ በፎቶው ቁጥር ያድጋል። የካሜራው ጫጫታ የሚያድገው በቁጥሩ ካሬ ሥር ብቻ ነው። 100 ፎቶ ብትደራርብ ምስልህ 10 እጥፍ ይጠራል። ከዚያ በላይ እጥፍ ለማጥራት ግን 400 ያስፈልግሃል። ስለዚህ ነው በዚህ ሥራ ውስጥ ከዕቃ ይልቅ ሰዓት የሚከፈለው።

---

ሱሉልታ ብርዱ · ኅዳር 20፣ ከሰዓት 8:15

ጋሼ ያሉት ላይ ሥራውን ልጨምር።

ፎቶውን በሮው (ካሜራው ሳይነካካው እንዳለ በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሳ፤ ጄፔግ ዋጋ የለውም። ፎከሱን ለካሜራው አትተውለት። በጣም ደማቅ ኮከብ ላይ፣ ለምሳሌ ሲሪየስ ላይ፣ ስክሪኑን 10 ጊዜ አጉልተህ ኮከቡ ትንሿ ነጥብ እስክትሆን በእጅህ አዙር። ከዚያ ሌንሱን በፕላስተር አስረው። እኔ አንዴ በጓንቴ ነክቼው ሁለት ሰዓት ሙሉ ዶናት ሳነሳ አድሬያለሁ።

ሥራህን ስትጨርስ ክዳኑን ግጠምና በዚያው ሰከንድና በዚያው አይኤስኦ 20 ያህል ጥቁር ፎቶ አንሳ። ዳርክ ይባላል። እዚያው ብርዱ ላይ እያለህ አንሳው፤ ቤት ገብተህ ካነሳኸው የሙቀቱ መጠን ስለሚለይ አይረዳም። ጠዋት ደግሞ ሌንሱ ላይ ነጭ ነጠላ ወጠር አድርገህ ወደ ሰማዩ አንሳ፤ እሱ ፍላት ነው። የሌንሱን ጥግ ጨለማና የአቧራውን ጠብታ ያጠፋል። የእናቴ ነጠላ እስካሁን ካሜራ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አታውቅም።

ለመደራረቡ ሲሪል ወይም ዲፕ ስካይ ስታከር አውርድ። ሁለቱም ነጻ ናቸው።

---

ለገጣፎ ዳር · ታኅሣሥ 13፣ ከሰዓት 8:30

ትናንት ማታ ከ4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ቆየሁ። 110 ፎቶ፣ እያንዳንዱ 60 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 2.8። ሃያው ተበላሸ፤ አሥሩ በእኔ እጅ መንቀጥቀጥ፣ አሥሩ መኪና መብራቱን ስላበራብኝ። የቀረው 90 ነው። ውርጩ አያድርስ ነው። ያ ጥበቃ ሻይ በፔርሙዝ ይዞልኝ መጣ። ሰዓቱን እሱ እያየ «ዙር!» ይለኛል፣ እኔ አዞራለሁ።

ሲሪል አራት ሰዓት ያህል ላፕቶፔን ሲያንገበግብ ቆይቶ ጨረሰ። የሰጠኝ ግን ጥቁር ነው። ድፍን ጥቁር። ጥቂት ኮከብ ብቻ። ልሙት?

---

ጣሪያ ላይ ነኝ · ታኅሣሥ 13፣ ከሰዓት 8:36

አትሙት። ፎቶው አለ፤ ጨለማው ጫፍ ላይ ታጥፎ ነው የተቀመጠው። ሂስቶግራሙን፣ የፎቶውን ጨለማና ብርሃን የሚያሳየውን ግራፍ፣ ክፈት። ጥላውን በጥቂቱ ወደ ቀኝ፣ መካከለኛውን ወደ ግራ ሳብ። ቀስ እያልክ። እንደ እንጀራ ሊጥ፣ ካቻኮልከው ይበላሻል።

---

ለገጣፎ ዳር · ታኅሣሥ 13፣ ከሰዓት 9:20

[ፎቶ ተያይዟል]

አለ።

---

ባለ ጣውላ · ታኅሣሥ 13፣ ከሰዓት 9:31

ወይኔ ልጁ! ሮዝማ ደመናዋን አየሃት? ያቺ ብርሃን ከ1,300 ዓመት በላይ ተጉዛ ነው አንተ ጣውላ ላይ ያረፈችው። ቤቴልጌዝ ብርቱካናማ፣ ራይጀል ነጣ ብሎ ሰማያዊ፤ ቀለሙን አላቃጠልከውም። ጥጉ ላይ ኮከቦቹ ትንሽ ተጎትተዋል፤ ያ የሌንሱ ነው፣ ኤፍ 4 ላይ ሞክረው።

---

ቁጥብ · ታኅሣሥ 13፣ ከሰዓት 10:02

እሺ ቆንጆ ነው። ግን ሌሎች ሲያነሱት ደም የመሰለ ቀይ ነው። ያንተ ለምን ፈዘዘ?

---

ጡረተኛው · ታኅሣሥ 13፣ ከሰዓት 10:40

ጥሩ ጥያቄ ነው። ያ ቀይ የሃይድሮጅን ብርሃን ነው፤ ሞገዱ 656 ናኖ ሜትር ነው። ካሜራ ሠሪዎች የሰው ፊት እንዳይቀላ ብለው ሴንሰሩ ፊት ማጣሪያ ያደርጋሉ፤ አብዛኛውን ቀይ እሱ ይይዘዋል። ለሠርግ የተሠራ ካሜራ ነዋ። ማጣሪያውን የሚያነሱት አሉ። ልጄ፣ አንተ ግን የአጎትህን ልጅ ሳታስፈቅድ አትፍታው።

---

ለገጣፎ ዳር · ታኅሣሥ 14፣ ከምሽቱ 2:15

ካሜራውን ለጥምቀት ሰሞን ሠርግ እፈልገዋለሁ ብሎኛል፤ የመፍታቱን ነገር አላነሳሁበትም። ፎቶውን ለጥበቃው በስልኬ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየና «ይቺን ዙር ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። ታትሞ ይሰጠኝ ብሏል።

የካቲት ላይ ምን ይነሳል? በልግ ደመና ሳይመጣ።

---

ጣሪያ ላይ ነኝ · ታኅሣሥ 14፣ ከምሽቱ 2:50

ኦሜጋ ሴንታውሪ። ሚሊዮኖች ኮከብ በአንድ ጉብ ላይ። የካቲት መጀመሪያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በደቡብ እስከ 33 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። አውሮፓ ያሉት አብዛኞቹ ጭራሽ አያዩትም። ወንድሜ መኪና አለው፤ ከአቃቂ ወዲያ እንውረድ። ማውንቴን አመጣለሁ፣ ያንተን ቴሌስኮፕ መስታወቱን አስጠግተን እንጫንበት። ጋሼ ቢመጡልንማ ያስተካክሉት ነበር።

---

ጡረተኛው · ታኅሣሥ 15፣ ከጠዋቱ 1:05

እመጣለሁ። ረጃጅም ብሎን አለኝ። ጡቡን እናንተ ያዙ።